ደም ቅያስ ሲፈልግ

የጉበት በሽታ ምልክቶቹን ከጉበት ርቆ ያሳያል። ሆድ ውሃ ቋጥሮ ይነፋል፣ እግር ያብጣል፣ ጣፊያ ያድጋል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን አንድ ቀን ድንገት የሚመጣው ደም ማስታወክ ነው። ቤተሰብ በሽተኛውን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ "ውስጡ ምኑ ተቆረጠ?" ብሎ ይጠይቃል። የተቆረጠ ነገር የለም። መንገድ ነው የተዘጋው።

እስቲ መንገዱን እንየው። ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም እንደ ሌላው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። መጀመሪያ ፖርታል ቬይን በሚባል ትልቅ ደም መልስ ተሰብስቦ ጉበት ውስጥ ይገባል። ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው በዚህ በኩል ነው። ጉበት ጠባሳ ሞልቶት ሲደድር (ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ነው) ደሙ ማለፊያ ያጣና ግፊት ይፈጠራል። በጤነኛ ሰው ወደ ጉበት በሚገባውና ከጉበት በሚወጣው ደም መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አያልፍም። 10 ሲሞላ ደሙ እንደ ታክሲ ሹፌር ቅያስ መፈለግ ይጀምራል። ከሚያገኛቸው ቅያሶች አንዱ ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቱቦ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀጫጭን ደም መልሶች ናቸው። እነሱ ለዚህ ሁሉ ትራፊክ አልተሠሩም። ተወጥረው ይወፍራሉ፤ ግፊቱ 12 ከደረሰ በኋላ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ሐኪሞች ይህን ግፊት ለማስተንፈስ ከመቶ ዓመት በላይ ታግለዋል። ታሪኩ ባጭሩ የአቋራጭ መንገድ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1877 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኒኮላይ ኤክ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም ቀላል ሐሳብ መጣለት፤ መንገዱ ከተዘጋ አዲስ መንገድ መቅደድ። የውሾችን ፖርታል ቬይን ጉበትን ሳይነካ ወደ ልብ ከሚሄደው ትልቁ ደም መልስ ጋር አገናኝቶ ሰፋው። ከስምንቱ ውሾች ሁለት ወር ተኩል የቆየው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ከቤተ ሙከራው አምልጦ ጠፋ። ኤክ ግን መንገዱ እንደሚቻል ያሳየ መሰለው። የኤክ ፊስቱላ የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ቀረ።

ዋጋውን ያየው ሌላ ሰው ነው፤ ኢቫን ፓቭሎቭ። አዎ፣ የውሻ ምራቁ ፓቭሎቭ። እሱና ባልደረቦቹ በ1893 ባሳተሙት ሥራ ያንኑ ቀዶ ሕክምና ውሾች ላይ ደግመው ሠርተው የተወሰኑትን ማትረፍ ቻሉ። ውሾቹ ሥጋ ሲበሉ ግን ጠባያቸው ይለወጣል። ይቆጣሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ራሳቸውን ይስታሉ። ምክንያቱ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። አንጀት ውስጥ ከፕሮቲን የሚወጣውን አሞኒያ የሚያመክነው ጉበት ነው። ጉበት ኬላ ነው በሉት። በኬላው ሳያልፍ የገባ ዕቃ በቀጥታ አንጎል ይደርሳል።

ይህ ማስጠንቀቂያ እያለም አቋራጩ ወደ ሰው ተሻገረ። በ1945 ኒው ዮርክ ውስጥ አለን ዊፕልና ባልደረቦቹ ፖርታል ቬይንን ከሌላ ደም መልስ ጋር እያገናኙ በሽተኞችን እንዳከሙ ጻፉ። መድማቱ ቆመ። ደም እያስታወከ የመጣ ሰው ዳግም ሳይደማ ቤቱ ሲገባ ማየት ለሐኪም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናውም በፍጥነት ተስፋፋ። ገና ላልደሙ በሽተኞች ሳይቀር ለመከላከያ ተብሎ ይሠራ ጀመር። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዕጣ የተመደቡ በሽተኞች ሲነጻጸሩ ግን ለመከላከያ ተብሎ የተሠራላቸው ካልተሠራላቸው የበለጠ ዕድሜ አላገኙም። በመድማት የሚሞተው ቢቀንስም በጉበት መድከም የሚሞተው ጨመረ። ከተረፉትም ብዙዎች ግራ ይጋቡ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ቀንና ሌሊት ይምታታባቸው ነበር። የፓቭሎቭ ውሾች የከፈሉትን ሰዎችም ከፈሉ።

መላው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ፕሮፕራኖሎል ለልብ ሕመምተኞች የተሠራ ርካሽ ክኒን ነው። ፈረንሳዊው ዲዲየ ለብሬክና ባልደረቦቹ በ1980 ክኒኑ የፖርታልን ግፊት እንደሚቀንስ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ጊዜ ደምተው በነበሩ 74 በሽተኞች ላይ ያደረጉት ጥናት ወጣ። ክኒኑን ከወሰዱት ውስጥ በአንድ ዓመት ዳግም ሳይደሙ የቆዩት 96 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 50 በመቶ ነበሩ። ክኒኑ አዲስ መንገድ አይቀድም። ወደ ተዘጋው መንገድ የሚጎርፈውን ደም ነው የሚቀንሰው። ጎርፉን ከላይ መቀነስ ማለት ነው።

ታዲያ ከላይ ካልን፣ ከጉበትም አልፈን እንሂድ። ጠባሳው ራሱ ከየት ይመጣል? አንዱ መልስ የተገኘው እዚያው ፖርታል ቬይን ውስጥ ነው። በ1851 ካይሮ ውስጥ ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም የሞተ ሰው አስከሬን ሲመረምር በፖርታል ቬይኑ ደም ውስጥ ነጫጭ ትሎች አገኘ። ቢልሃርዚያ የምንለው በሽታ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። ቢልሃርዝ በ1862 እስከ ምጽዋ ተጉዞ ሲመለስ ታይፈስ ይዞት በ37 ዓመቱ ሞተ። የትሉ ነገር ቆይቶ ተብራራ። አንደኛው ዝርያ አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም መልሶች ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀርና በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል። ጉበቱ ሥራውን ገና እየሠራ እያለ በሩ ብቻ ይዘጋል። ትሉ ወደ ሰው የሚመጣው ደግሞ ወንዝና ቦይ ውስጥ ባለ ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ነው።

ግብፅ ይህን በሽታ ለማጥፋት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ዘመቻ አካሄደች። መድኃኒቱ በተደጋጋሚ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ነበር፤ ሰልፉ ረጅም፣ መርፌው ጥቂት። በወጉ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረው መርፌ ያኔ ስም ያልነበረውን ሄፓታይተስ ሲ ይዞ ዞረ። ትሉን ሊያጠፉ ሄደው ሌላ የጉበት ጠባሳ ለሚሊዮኖች አከፋፈሉ። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው አልነበረም። ተቸኩሎ ነበር። ግብፅ ያንን ዕዳ ስትከፍል ቆይታ ከ2018 ጀምሮ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝቧን መርምራ አከመች።

እኛም ጋ ወንዙ ዳር የቆመ ሰው ነበር። በ1964 አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኛቸው። ከፍ ብሎ ያሉት በሕይወት ነበሩ። እናቶቻችን ነጠላ ሲያነጡበት የኖሩት ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንዶድም ዋጋ አለው፤ ዓሣ ይገድላል። ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ለማግኘትም ብዙ ዓመት ፈጀበት። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው።

ዛሬ ከጉሮሮ በታች ያበጠውን ደም መልስ በኢንዶስኮፒ ገብተው በላስቲክ ቀለበት ያስሩታል። የኤክ አቋራጭም በሽቦ ቱቦ፣ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ በአንገት በኩል ገብቶ ይሠራል። ሕይወት ያተርፋሉ። አቋራጩ ግን አሁንም አንዳንዱን በሽተኛ ግራ ያጋባዋል፤ ኬላው አልተረሳም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለጉበት ጠባሳ ዋናው ምክንያት ከሚባሉት አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ለብዙ ዓመት ሳያሳምም ጉበት ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ክትባቱ በአገሪቱ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ነው። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ የተወለዳችሁት ከዚያ በፊት ነው። ምርመራው ትንሽ ደም ብቻ ነው የሚፈልገው። ነፃ ከሆናችሁ ክትባት አለ፤ ከተገኘባችሁም ጠባሳው ሳይበዛ መከታተልና ማከም ይቻላል። ደሙ ገና በዋናው መንገድ እየሄደ እያለ ማለት ነው።