ከውሃ የቀለለው ብረት አስተኔ፤ ፖታሲየም ያስነሣው የአራት ዓመት ክርክር

ጨውና አመድ በሰው ልጅ ኑሮ ውስጥ ጥንታዊ ቦታ ያላቸው ነገሮች ናቸው። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን በገንዘብነት አገልግሏል፤ ከእንጨት አመድ በውሃ ታጥቦ የሚገኘው ፖታሽ ደግሞ በአውሮፓ ለሳሙናና ለመስተዋት ሥራ ዋና ግብአት ነበር። «አልካሊ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው የተቃጠለ ተክል አመድን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ተራ ነገሮች ውስጥ ብረት አስተኔ ተሰውሮ እንደሚኖር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ በሙከራ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም።

ፈረንሳዊው ላቯዚየ እ.ኤ.አ. በ1789 የንጥረ ነገሮችን ዝርዝር ሲያወጣ ፖታሽንና ሶዳን አላስገባቸውም። ሁለቱም ውሁዶች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ጥርጣሬ ነበረው፤ ነገር ግን ይህን ጥርጣሬ የሚያረጋግጥበት መሣሪያ በእጁ አልነበረም። በዘመኑ የነበረው እሳት ሁሉ እነዚህን ነገሮች ያቀልጣቸው እንደሆነ እንጂ ሊለያያቸው አልቻለም። መሣሪያው የተገኘው ጣሊያናዊው ቮልታ የኤሌክትሪክ ባትሪውን በ1800 ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ ነው።

በለንደን የሮያል ኢንስቲትዩሽን የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ሃምፍሪ ዴቪ በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይልን በውሃ በሟሟ ፖታሽ ውስጥ አሳለፈ። ያገኘውም ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ብቻ ነበር፤ የተበተነው ውሃው እንጂ ፖታሹ አልነበረምና። ስለዚህ ውሃውን ትቶ ከአየር ጥቂት እርጥበት ብቻ የሳበ ጠጣር ፖታሽ በፕላቲነም ሳሕን ላይ አድርጎ ከባትሪው ጋር አገናኘው። ኦክቶበር 6 ቀን 1807 በአሉታዊው ጫፍ በኩል ሜርኩሪ የሚመስሉ አንጸባራቂ እንክብሎች ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹም ወዲያውኑ ፈንድተው በደማቅ ነበልባል ተቃጠሉ። በሥራው ይረዳው የነበረው ዘመዱ ኤድመንድ ዴቪ እንደ መሰከረው፣ ሳይንቲስቱ ከደስታው ብዛት በክፍሉ ውስጥ ይዘል ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላም በዚያው ዘዴ ሶዲየምን ከሶዳ ለየ።

ደስታው ግን ጥያቄ አስከትሎ ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ ብረት አስተኔ ሲባል ከባድና ጽኑ ነገር ማለት ነበር። አዲሱ ነገር በቢላዋ የሚቆረጥ፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍና በውሃ ላይ በሐምራዊ ነበልባል የሚነድ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ብረት አስተኔ ሊባል ይገባዋልን? ዴቪ አንጸባራቂነቱን፣ ኤሌክትሪክና ሙቀት አስተላላፊነቱን አመዛዝኖ ይገባዋል ሲል ፈረደ፤ የስሞቹንም መጨረሻ እንደ ሌሎች ብረት አስተኔዎች ስም «የም» አደረገው።

በፓሪስ ጌ ሉሳክና ቴናር ይህን ፍርድ አልተቀበሉትም። በ1808 የቀለጠ ፖታሽን በጋለ ብረት ላይ በማሳለፍ ከባትሪው ይልቅ እጅግ የበዛ ፖታሲየም ማግኘት ቻሉ፤ በዚያው ዓመት ፖታሲየም ፈንድቶ ጌ ሉሳክን ዓይኑን ጎዳው። ሁለቱ ሊቃውንት ፖታሲየምን ከአሞኒያ ጋር ሲያዋሕዱት ሃይድሮጅን ወጣ፤ በተገኘው ውሁድ ላይ ውሃ ሲጨምሩበትም አሞኒያው ተመልሶ ተገኘ። አሞኒያው ካልጎደለ ሃይድሮጅኑ የወጣው ከፖታሲየሙ መሆን አለበት፤ እንግዲያውስ ፖታሲየም የፖታሽና የሃይድሮጅን ውሁድ ነው ሲሉ ደመደሙ።

አስተሳሰባቸው ሥርዓት ያለው ነበር፤ ስሕተቱ የተደበቀው «ደረቅ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። በእሳት ቀልጦ ከውሃ ነጻ ወጥቷል ይባል የነበረው ፖታሽ በእውነቱ ሃይድሮጅንን በውስጡ ያዘለ፣ ዛሬ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የምንለው ውሁድ ነው። በአሞኒያው ሙከራም ሃይድሮጅኑን የሰጠው አሞኒያው ሲሆን፣ ጉድለቱን በኋላ የሞላው የተጨመረው ውሃ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት ራሳቸው ፖታሲየምን በደረቅ ኦክሲጅን አቃጥለው ውጤቱን ሲመረምሩ ከፖታሲየሙ የመነጨ ሃይድሮጅን መኖሩን የሚያሳይ ምልክት አላገኙም። በ1811ም ሐሳባቸውን ለውጠው ፖታሲየም ንጥረ ነገር መሆኑን ተቀበሉ።

የዚህን ጠባይ ምክንያት ያስረዳው የአቶም ሳይንስ ነው። አልካሊ ብረት አስተኔዎች ሁሉ በውጨኛው ምሕዋራቸው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አላቸው። ከሊቲየም ወደ ሲዚየም በተወረደ ቁጥር ኤሌክትሮኑ ከአቶሙ እምብርት ይርቃል፤ በቀላሉም ይለቀቃል። የመቅለጫ ሙቀታቸውም ከሊቲየም 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ ሲዚየም 28 ዲግሪ ይወርዳል። ሊቲየም በውሃ ላይ ሳይቀልጥ በዝግታ ሲሟሟ፣ በ63 ዲግሪ የሚቀልጠው ፖታሲየም ግን በራሱ አፀግብሮት ሙቀት ቀልጦ የሚነደው ስለዚህ ነው። ፍንዳታው ከሃይድሮጅን መቀጣጠል ብቻ የሚመነጭ ይመስል ነበር፤ በ2015 በፓቬል ዩንግቪርት የተመራ ጥናት በፈጣን ካሜራ እንዳሳየው ግን፣ ኤሌክትሮኖች ወደ ውሃው ሲያመልጡ በፖዘቲቭ ሙል የቀሩት አቶሞች እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ብረት አስተኔውን ከአንድ ሺህኛ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይበትኑታል።

የፓሪሱ ሙከራ ቅሪት ዛሬም በየቤተ ሙከራው ይገኛል። በዘይት ውስጥ ለረጅም ጊዜ በቆየ ፖታሲየም ላይ የሚታየው ቢጫ ቅርፊት ጌ ሉሳክና ቴናር ፖታሲየምን በኦክሲጅን ሲያቃጥሉ ያገኙት፣ ኦክሲጅን የበዛበት ኦክሳይድ ነው። ቅርፊቱ በቢላዋ ሲቆረጥ ከሥሩ ካለው ብረት አስተኔና ከዘይቱ ጋር ተገናኝቶ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለ አሮጌ ፖታሲየም የሚያገኝ ባለሙያ ቢላዋ ሳያነሣ አደገኛ ኬሚካል ለማስወገድ ለሠለጠኑ ሰዎች ማስረከብ ይገባዋል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም በውስጡ ያለውን ሁሉ አይናገርም፤ አራት ዓመት የፈጀው ክርክርም የተነሣው ከዚሁ ነበር።