«ውሳኔ» እና «የውሳኔ ሐሳብ»፦ የሶማሌ ክልል ምክር ቤት ታሪክ በቃላት ዐይን

አንድ የክልል ምክር ቤት «ይህ ጉዳይ ይጠና» ወይም «ሕገ መንግሥቱ በዚህ አንቀጽ ይሻሻል» ብሎ ድምፅ ሲሰጥ የፈጸመው ተግባር ምን ይባላል? የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ሪዞሉሽን» በሚለው አንድ ቃል ያልፈዋል። በአማርኛ ግን ለዚሁ ነገር ሦስት ስም እናገኝለታለን፤ ድምፅ ሳይሰጥበት «የውሳኔ ሐሳብ»፣ ድምፅ ከተሰጠበት በኋላ «ውሳኔ»፣ ወደ ሌላ አካል ሲላክ ደግሞ «ጥያቄ» ይባላል። ቃላቱ በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ቢደበላለቁ የሚደርሰው ጉዳት ያን ያህል አይታይ ይሆናል። ወደ ጅግጅጋ ሲሄዱና በሶማሊኛ ሲተረጎሙ ግን መደበላለቁ ትርጉም እስከ ማዛባት ይደርሳል። ይህ ጽሑፍ የቃላቱን ታሪክ ከዚያ አካባቢ ሰዎች ታሪክ ጋር አያይዞ ይመለከታል።

ከሥሩ እንጀምር። «ወሰነ» በግእዝም ሆነ በአማርኛ መነሻ ትርጉሙ ዳር ድንበር ማበጀት ነው፤ «ወሰን» የሚለው ስም ምስክር ነው። ከመሬት ወሰን ወደ ነገር መቁረጥ የተሻገረው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ነገር የወሰነ ሰው ለክርክሩ ድንበር አበጀለት ማለት ነው። ይህ ሥር በዘመናዊው የመንግሥት ቋንቋ ውስጥ ክብር ያለው ቦታ ያገኘው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንደሆኑ የታወቀ ነው። ሰነዱ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ «የሕግ መወሰኛ» እና «የሕግ መምሪያ»። ስሙን ብቻ የሚያነብ ሰው መወሰኑ የመጀመሪያው፣ መምራቱ የሁለተኛው ሥራ ነው ብሎ ይገምታል። በእውነቱ ግን የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሟቸው ነበር፤ የመምሪያውንም የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። የመጨረሻው ውሳኔ ከሁለቱም ቤቶች ውጭ፣ በዙፋኑ ዘንድ ነበረ። ስለዚህ «መወሰኛ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያውም መወሰንን ሳይሆን ሐሳብ ማቅረብን ይሸፍን ነበር ማለት ይቻላል።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ስለ ማሻሻያ ግልጽ ሥርዐት አበጀ። በ131ኛው አንቀጽ መሠረት ማሻሻያ የሚጸናው ከሁለቱም ምክር ቤቶች አባላት ሦስት አራተኛው፣ በሁለት የተለያዩ የፓርላማ ጉባኤያት፣ በአንድ ቃል ሲወስኑና ንጉሠ ነገሥቱ ሲፈቅዱ ነው። ያው ሕገ መንግሥት በ125ኛው አንቀጽ አማርኛን የመንግሥቱ ኦፊሴል ቋንቋ አደረገ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሕገ መንግሥትን ስለ ማሻሻል የሚነገርበት ቋንቋና የሚሻሻለው ሰነድ ቋንቋ አንድ ሆኑ።

እዚህ ላይ «ማሻሻል» የሚለውን ቃል ራሱን ማየት ይገባል። «ተሻለ» ከሚለው የተገኘ ድግም ግሥ ነው፤ ስለዚህ ፍርዱን በውስጡ ይዟል። ማሻሻያን የሚቃወም የምክር ቤት አባል እንኳ የሚቃወመውን ነገር «የተሻለ ማድረግ» ብሎ ለመጥራት ይገደዳል። የዐረብኛው «ተዕዲል» ማቃናትን ስለሚያመለክት በዚሁ ጎራ ይመደባል። ሶማሊኛ ግን «ወሕ-ከ-በደል» ይላል፤ ቃል በቃል «ከውስጡ የሆነ ነገር መለወጥ» ማለት ነው፤ ወደ ደግም ወደ ክፉም አያደላም። የአማርኛ ጆሮ በዚህ ቃል መደናገሩ አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጅግጅጋ ከተርጓሚዎች ጋር በተቀመጥሁበት አንድ ስብሰባ፣ ሶማሊኛ ገና በመማር ላይ የነበረ ወጣት ማስታወሻ ያዥ «ተሰብሳቢዎቹ ስለ ሕገ መንግሥቱ በደል ተወያዩ» ብሎ ጽፎ ነበር። ከጎኑ የነበሩት አዛውንት ተርጓሚ ማስታወሻውን አይተው «ልጄ፣ ገና ሳይለወጥ በደልኸው እኮ» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ቃሉ ግን ለመዝገበ ቃላት ካርድ የሚገባ ነበር።

«ጥናት» የሚለው ቃልም የራሱ ታሪክ አለው። «ጠና» ማለት በረታ፣ ጸና ማለት ነው፤ «አጠና» ትምህርትን በልብ ማጽናት ሆነ፤ «ጥናት»ም በአንድ በኩል ምርምር፣ በሌላ በኩል ብርታት ሆኖ ቀረ። ሐዘን ቤት ገብተን «ጥናቱን ይስጣችሁ» የምንለው ሁለተኛውን ይዘን ነው። አንድ ጉዳይ ለጥናት ይመራ ሲባል ተሰብሳቢው ይህንኑ ምርቃት እየጠቀሰ መቀለዱን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ቀልዱ መሠረት አለው፤ ጥናት ብዙ ጊዜ የማዘግያ ስም ነውና። ሆኖም በሶማሌ ምድር ላይ ጥናት ካርታ የለወጠበት ጊዜ አለ። በ1975 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 236 የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የኢንስቲትዩቱ ሥራ ለሕገ መንግሥቱ ረቂቅ መነሻ ሆኖ አገለገለ። 120 አንቀጾች የነበሩት ረቂቅ በ1978 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም በአንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በ25,000 ያህል ሥፍራዎች ውይይት ተደረገበት፤ ከዚያም 95 ማሻሻያዎች ተቀበለ። ማሻሻያዎቹ በአብዛኛው ከቃላት እርማት አላለፉም፤ ይሁን እንጂ የቃላት እርማት ቀላል ነገር ነው ብሎ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አይቻልም። በየካቲት 1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ጸና፤ በመስከረም 1980 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎው የመጀመሪያ ጉባኤ ከአምስት ራስ ገዝ አካባቢዎች መካከል ሁለቱን ኦጋዴንና ድሬዳዋ ብሎ ሰየመ። የሶማሌ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚጠናበትን ጥናት አልጠየቀም፤ ውጤቱ ግን ደረሰው።

በዚያው ዘመን ሶማሊኛ በኢትዮጵያ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማሊኛ ሲሆን፣ ከድንበሩ ማዶ ያለው ሶማሊያ የላቲን ፊደልን ከተቀበለ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የጅግጅጋና የሺኒሌ ትምህርት ቤቶች ወደ ላቲን ዞሩ። በዚህም ምክንያት ለመንግሥት ሥራ በግእዝ ፊደል ተጀምሮ የነበረው የሶማሊኛ ቃላት ዝግጅት ተቋረጠ፤ አዲሱ ምክር ቤት ቃላቱን ከሞቃዲሾ የአስተዳደር ቋንቋ፣ ከዐረብኛና ከአማርኛ በአንድ ጊዜ መቅዳት ግድ ሆነበት። «ክልል» ራሱ ወደ ሶማሊኛ ገባ፤ ሕዝቡ «ክልል አምስት»ን «ኪሊንካ ሸናድ» እያለ ሲጠራ የመጨረሻዋ «ል» ብዙ ጊዜ ወደ «ን» ትለወጣለች። በኋላ ይፋዊው ስም «ዴጋን» የሚለውን፣ የሰፈራ ሥፍራ ትርጉም ያለውን የራሱን ቃል መረጠ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በየካቲት 1986 ዓ.ም.፣ መቀመጫው ገና ጎዴ ሳለ፣ የክልሉ ምክር ቤት ስለ ራስ ዕድል ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ የሚጠይቅ ድምፅ ሰጠ። ይህን ድርጊት በአማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመግለጽ የሚሞክር ሰው እንዲህ ማለቱ አይቀርም፦ ምክር ቤቱ የራስን ዕድል በራስ ለመወሰን ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ወሰነ። «ወሰነ» የሚለው ሥር በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ተነገረ። መብቱ መወሰን ነው፤ መንገዱ ውሳኔ ነው፤ የምክር ቤቱም ድርጊት መወሰን ነው። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ሦስቱን አንድ አድርጎ «ወሰኑ» ብሎ ያልፋል፤ ምን እንደወሰኑ፣ መጠየቃቸው ይሁን መፈጸማቸው፣ አይለይም። በሶማሊኛ ግን ሦስቱ ሦስት ቃላት ናቸው። የራስን ዕድል በራስ መወሰን «አዮ-ከ-ተሺ» ነው፤ ስለ መጪ ዕጣ ራስን ማማከር እንደ ማለት ሲሆን፣ ከእኛው «ምክር ቤት» ጋር ይቀራረባል። ሕዝበ ውሳኔ «አፍቲ» ነው። የምክር ቤት ውሳኔ ደግሞ «ጎኣን» ወይም ከዐረብኛ የመጣው «ቀራር» ነው። ሶማሊኛም የራሱ ወጥመድ አለው፤ «ጎኣን» መቆረጥን ከሚያመለክት ሥር የወጣ ሲሆን፣ መገንጠልን የሚናገረው «ጎሳድ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው። እኛ ውሳኔንና ወሰንን ከአንድ ሥር አበቀልን፤ እነርሱ ውሳኔንና መለየትን። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚያ ምክር ቤት ሲገናኙ ተርጓሚው በሁለት ቢላዋ መካከል ይቆማል።

ከአሥር ወር ያህል በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለዚህ ዐይነቱ ድምፅ ሥርዐት አበጀ። በ39ኛው አንቀጽ የመገንጠል ጥያቄ በሚመለከተው የሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ የፌዴራሉ መንግሥት ይህ በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው፣ የምክር ቤቱ ድርጊት በመጀመሪያው ፊደል ተራ «ጥያቄ»፣ በሚቀጥለው «ውሳኔ» መባሉን ነው። ሰነዱ ራሱ ሁለቱን ስሞች ለአንድ ነገር ሰጥቷል። በ106ኛው አንቀጽ የመጨረሻው ሕጋዊ ዕውቅና ለአማርኛው ቅጂ ስለተሰጠ፣ ይህን መንታነት ወደ እንግሊዝኛው ሄዶ ማቃናት አይቻልም።

የክልሉ መቀመጫ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ጅግጅጋ ተዛወረ። በ104ኛው አንቀጽ መሠረት ምክር ቤቱ ማሻሻያ ማመንጨት ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በየቤታቸው በድምፅ ብልጫ ሊደግፉት ይገባል። በ1987 ዓ.ም. ክልሎቹ ዘጠኝ ስለነበሩ ሦስት ይበቁ ነበር፤ ዛሬ 12 ስለሆኑ አራት ያስፈልጋሉ። «ማመንጨት» ከ«ምንጭ» የወጣ ውብ ቃል ነው። ሶማሊኛ ለረቂቅ ሕግ የሚጠቀምበት «ሂንዲሴ» ግን ከዐረብኛው «ሀንደሳ» የመጣ የእኛው «መሐንዲስ» ዘመድ ነው። አንዱ ሐሳብ ከምድር እንደ ውኃ ይፈልቃል፤ ሌላው በመለኪያና በመስመር ይሠራል። የትርጉም ልዩነት ግን አላመጡም፤ ሁለቱም መጀመርን እንጂ መጨረስን አያመለክቱም።

ችግሩ ያለው በዚያው አንቀጽ መጨረሻ ነው። የተደገፈው ሐሳብ ለመላው ሕዝብና ለሚመለከታቸው «ለውይይትና ለውሳኔ» ይቀርባል ይላል። ይህ «ውሳኔ» ሕዝበ ውሳኔ ነውን? ሕገ መንግሥቱ በ39ኛውና በ47ኛው አንቀጽ ሕዝበ ውሳኔ ሲፈልግ ስሙን ጠርቶ ጽፏል፤ እዚህ አልጠራውም። ማሻሻያው የሚጸድቅበትን የሚደነግገው 105ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ምክር ቤቶች ድምፅ ብቻ ይናገራል። የሶማሊኛ ተርጓሚ «አፍቲ» ብሎ ቢጽፍ ለሕዝቡ የድምፅ መብት ሰጠ፤ «ጎኣን» ብሎ ቢጽፍ ያልተወሰነ ነገር አስቀመጠ፤ «ረኢ» ማለትም አስተያየት ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ቃሉን አሳነሰው። በአማርኛ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ በትርጉም ግን መምረጥ ግድ ነው። እኔ «ጎኣን»ን እመርጣለሁ፤ ትክክለኛ ስለሆነ ሳይሆን፣ የአማርኛውን ጉድለት ሳይሸፍን ስለሚያሳይ ነው።

ለእነዚህ ከተሞች ሰዎች ሕግን በምክክር መደንገግ አዲስ ነገር አይደለም። ከሺኒሌ እስከ አይሻ ባለው አገር «ሔር ዒሴ» የተባለው የቃል ሕግ አለ፤ በትውፊት 44 ሽማግሌዎች ሲቲ በተባለው ሥፍራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እንዳቆሙት ይነገራል። የቀድሞው የሺኒሌ ዞንም ዛሬ ሲቲ ይባላል። ይህ ሕግ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ አቅራቢነት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በባህላዊው የሶማሌ ጉባኤ፣ በ«ሺር»፣ ነገሩ ተመክሮበት በስምምነት ያልቃል፤ እጅ ማውጣትና መቁጠር የምክር ቤት ልማድ ነው። «ጎሌ» የተባለው ምክር ቤት የቆመው በሁለቱ ልማዶች መካከል ነው።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ታስቧል። የሕገ መንግሥቱ 5ኛ አንቀጽ ግን በዚህ ረገድ የሚጠራው አማርኛን ብቻ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ሄዶ ሄዶ ከማሻሻያ ሥርዐት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የጅግጅጋ ምክር ቤት ስለ ሶማሊኛ በሶማሊኛ ተከራክሮ፣ ድምፁን የሚሰጠው በአማርኛው ቅጂ ላይ ይሆናል።

ስለዚህ ለቃላት ጉባኤው የማቀርባቸው ካርዶች እነዚህ ናቸው። ምክር ቤቱ በራሱ ሥልጣን ለሚቋጨው «ውሳኔ» እና «ጎኣን» ይጽኑ። ድምፅ ላልተሰጠበት «የውሳኔ ሐሳብ» እና «ሶ-ጄዲን» ይሁኑ፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ለሚልከው ግን ይኸው ስም ባይደገም ይሻላል፤ በቅርቡ የተለመደው «ምክረ ሐሳብ» አለና። ድምፅ ተሰጥቶበት ሌላውን አካል ለሚጠይቀው «አቤቱታ» የሚሉ አሉ፤ አቤቱታ ከታች ወደ ላይ የሚጮኽ ቃል ስለሆነ ለክልል ምክር ቤት አይመጥንም። «የጥያቄ ውሳኔ» ብዬዋለሁ። የሶማሊኛው ዐምድ ለዚህኛው ብቻ ባዶ ነው፤ ካርዱን ለጅግጅጋ ተርጓሚዎች ልኬያለሁ።