ዙፋኑና የጭቃው መዝገብ
(በቀርጤስ ደሴት ስለሚካሄደው የአንድ ቀን ታሪካዊ ጉብኝት)

በቀርጤስ ሰሜናዊ ጠረፍ በሄራክሊዮን ወደብ የሚያርፉት የመንገደኛ መርከቦች ብዙውን ጊዜ በማለዳ ደርሰው ሲመሽ ይሄዳሉ። በዚህም ምክንያት የዚህች የሜዲትራኒያን ደሴት የብዙ ሺህ ዓመታት ታሪክ ለአብዛኛው ጎብኚ በአንድ ቀን ተጠቅልሎ የሚቀርብ ሆኗል። አውቶቡሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ ክኖሶስ ይደርሳል። ፈቃድ ያላት አስጎብኚ ትመራለች፤ ቡድኑ ይከተላል፤ ከዙፋኑ ክፍል ፊት ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፤ ቀይ ዓምዶቹን ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል። ለመሆኑ ይህ የአንድ ቀን መንገድ ጎብኚውን ከማን ጋር ያስተዋውቀዋል?

ክኖሶስን በ1878 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ የቆፈረው ሚኖስ ካሎኬሪኖስ የተባለ የሄራክሊዮን ነጋዴ ነው። ግዙፍ ጋኖች የተደረደሩባቸውን ጎተራዎች አገኘ። ይሁን እንጂ ደሴቲቱ በኦቶማን ቱርኮች አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ የሚገኘው ቅርስ ወደ ኢስታንቡል እንዳይጋዝ የሰጋው የቀርጤሳውያን ምክር ቤት ቁፋሮውን አስቆመው። ቀርጤስ የራሷን አስተዳደር ካገኘች በኋላ፣ በ1900፣ እንግሊዛዊው አርተር ኤቫንስ ቦታውን ገዝቶ ሥራውን ጀመረ። ዶማውንና አካፋውን የያዙት ግን የአካባቢው ሰዎች፣ ወንዶችና ሴቶች፣ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ነበሩ። ኤቫንስ የተገኘውን ሥልጣኔ በአፈ ታሪኩ ንጉሥ በሚኖስ ስም ሰየመው፤ ከጂፕሰም ድንጋይ የተሠራውን መቀመጫ ዙፋን አለው፤ የፈረሰውን ፎቅ በብረትና በሲሚንቶ መልሶ አቆመው። የአበባ ዘውድ የደፋው ዝነኛ ልዑል እንኳ፣ የኋላ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ከተለያዩ ምስሎች ስብርባሪ የተገጣጠመ ሳይሆን አይቀርም። ሲሚንቶው ባይኖር ኖሮ አንዳንዱ ግድግዳ ዛሬ አይቆምም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። አሁን ሲሚንቶው ራሱ አርጅቶ ጥገና የሚሻ ቅርስ ሆኗል። በ2025 ክኖሶስ ከሌሎች አምስት የሚኖአውያን ማዕከሎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ የገባው ከነሲሚንቶው ነው። በመግቢያው በኩል ለጎብኚው የሚታየው የነሐስ ምስል የኤቫንስ ነው፤ ዶማ የያዙት ሰዎች ምስል የላቸውም።

ከዚሁ ግቢ የወጣ፣ ነገር ግን እንደ ዙፋኑ ሰልፍ የማይቆምለት ሌላ ሀብት አለ። ይኸውም በሄራክሊዮን ቤተ መዘክር ውስጥ የሚታየው የጭቃ መዝገብ ነው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች በእርጥብ ጭቃ ላይ በስል ነገር እየጫሩ ሂሳብ ይይዙ ነበር። ጭቃው በፀሐይ እንጂ በእሳት አልደረቀም፤ ለዘለዓለም እንዲቆይም የታሰበ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱን ያጋየው ቃጠሎ ግን ጭቃውን ሸክላ አደረገው። ገዥዎቹን ያጠፋው እሳት የሂሳብ መዝገባቸውን አተረፈው።

ሊኒየር ቢ የተባለውን ይህን ጽሕፈት ኤቫንስ በ1941 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ሊያነበው አልቻለም። ምስጢሩ የተፈታበት መንገድ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አብዛኛው የድምፅ ምልክት፣ እንደ ፊደላችን፣ ተነባቢና አናባቢን ባንድነት ይይዛል። ልዩነቱ በእኛ ፊደል ለ፣ ሉ፣ ሊ በመልካቸው የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ሲታወቅ፣ በሊኒየር ቢ ግን የካ እና የኪ ቅርጽ ምንም ዝምድና የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ዝምድናውን ከቃላቱ መድረሻ አካሄድ ማውጣት አስፈለገ። ለዚህ መሠረቱን የጣለችው አሜሪካዊቷ አሊስ ኮበር ስትሆን፣ ፍሬውን ሳታይ በ1950 ሞተች። ሙያው የሕንፃ ንድፍ የነበረው እንግሊዛዊው ማይክል ቬንትሪስ ተነባቢውን በአንድ ወገን፣ አናባቢውን በሌላ ወገን እየደረደረ አንድ ሰንጠረዥ ሠራ፤ ስሙን አላወቀውም እንጂ የሠራው የፊደል ገበታ ነበር። በ1952 ገበታው ሲሞላ ቋንቋው ጥንታዊ ግሪክኛ ሆኖ ተገኘ።

ሲነበብም የነገሥታት ውዳሴ አልተገኘበትም። የተገኘው በግ ነው፤ ወደ 100,000 የሚጠጋ በግ፣ ከነእረኞቹ ስም። ከዚያም ሱፍ፣ ከዚያም ሱፉን የሚፈትሉና የሚሸምኑ ሴቶች፣ ከትልልቅና ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር እየተቆጠሩ። ጥማድ በሬዎችም አሉ። ለበሬዎቹ ስም ወጥቶላቸዋል፦ አንዱ ኬላይኖስ፣ ሌላው ፖዳርጎስ ይባላል፤ በእኛ ገበሬ አነጋገር ጥቁሬና እግረ ነጭ እንደ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሸማኔ ሴቶች ግን በቡድን፣ በቁጥር ብቻ ገብተዋል። የበሬውን ስም የጻፈ እጅ የሴቲቱን ስም ለመጻፍ ጭቃ አላነሰውም፤ ለግብር ሰብሳቢው የሚያስፈልገው ቁጥሯ ብቻ ስለነበር ነው።

ጥፋቱን በአስጎብኚዋ ላይ መጫን አይገባም። ብዙ ታውቃለች፤ የተሰጣት ጊዜ ግን አጭር ነው፤ ጎብኚውም የመጣው ንጉሥ ለማየት ነው። መለወጥ ያለበት መንገዱ ነው። ሌሎቹ የቀን ጉዞዎች ይህን ለማድረግ ዕድል ይሰጣሉ። ከኤሉንዳ በጀልባ የምትደረሰው ስፒናሎንጋ ከ1904 እስከ 1957 የሥጋ ደዌ ሕሙማን የተጋዙባት ትንሽ ደሴት ናት። ዛሬ ብዙው ሰው የሚሄደው ስለ እርሷ የተጻፈ ልብ ወለድ አንብቦ ሲሆን፣ ሕሙማኑ ራሳቸው በ1936 ማኅበር አቋቁመው ለመብታቸው መታገላቸው ከልብ ወለድ የሚያንስ ታሪክ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜሳራ ሜዳ የሚወስደው መንገድ ይሻላል። በዚያ የጎርቲን ፍርስራሽ ይገኛል። ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ሃልብሄር በ1884 ከአንድ የወፍጮ ውሃ ቦይ ውስጥ ብቅ ያለ ግድግዳ ላይ ፊደል አየ። ሲቆፈር 600 ያህል መስመር ያለው ሕግ ወጣ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የተቀረጸ ነው። መጀመሪያው መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቀጣዩ በሬ ትልሙን ጨርሶ እንደሚመለስ ከግራ ወደ ቀኝ ይመጣል። ግሪኮችም ይህን አጻጻፍ የሰየሙት ከበሬ መመለስ ነው።

ሕጉ መደብን አይደብቅም። ነጻ ሰውን አስገድዶ የደፈረ 100 ስታቴር ይከፍላል፤ ነጻ ሰው የገባር አገልጋይን ቢደፍር ግን 5 ድራክማ ብቻ። አንድ ስታቴር ሁለት ድራክማ ስለነበር የአንዱ ክብር ከሌላው 40 እጥፍ ተገምቷል ማለት ነው። በዚያው ግድግዳ ላይ ደግሞ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሚስቲቱ ይዛ የመጣችውን ንብረት፣ በቤቱም ከሸመነችው ግማሹን ትውሰድ ይላል። በክኖሶስ ጭቃ ላይ የሴቶች የሽመና ሥራ ለቤተ መንግሥቱ ሂሳብ ሲቆጠር ከኖረ ከ900 ዓመታት ያህል በኋላ፣ አንዲት የቀርጤስ ሴት፣ ነጻ እስከሆነች ድረስ፣ ግማሹ የእኔ ነው የምትልበት ቃል በድንጋይ ተቀርጾላታል። ጽሑፉ ዛሬ ከጎርቲን ኦዴዮን ጀርባ በጡብ ቅስት ተከልሎ ይገኛል፤ ፌይስቶስን ሊያዩ የሚሄዱት አውቶቡሶች የሚያልፉት በዚያው ደጃፍ ነው።