ከክብር ዘበኛ እስከ በቆጂ፦ የታዳጊ ሯጮች ሥልጠና በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የአትሌቲክስ ታሪክ ውስጥ በብዛት የተጻፈው ስለ ሜዳሊያና ስለ ክብረ ወሰን ቢሆንም፣ ገና ለውድድር ያልደረሱ ልጆችን አካል የማጠንከርና ጤናማ ልማድ የማስያዝ ሥራ ከዚያ ተለይቶ ሊታይ የሚገባው የራሱ ታሪክ አለው። የአሠልጣኝነት ሙያ በአገሪቱ ሥር የሰደደው በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ታዳጊዎች የወረደው ግን በስፖርት መምህራን በኩል ነው፤ ይህ ሽግግር የሠልጣኙን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የአሠልጣኙንም ኃላፊነት ለውጦታል።

እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛ ጦር ሯጮች ሲያሠለጥኑ ረጅም ሩጫን ከተደጋጋሚ አጫጭርና ፈጣን ሩጫዎች ጋር እያፈራረቁ ያሠሩ ነበር። በ1930ዎቹ በስዊድን የተስፋፋው ፋርትሌክ፣ ማለትም ሯጩ በጫካና በሜዳ እየሮጠ ፍጥነቱን እንደ መሬቱ አቀማመጥና እንደ አቅሙ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ልምምድ፣ የዚሁ የአሠለጣጠን ስልት አካል ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የ28 ዓመት ሰው ነበር፤ ማሞ ወልዴም በ1968 በሜክሲኮ ሲያሸንፍ በተመዘገበው የልደት ዘመኑ 36 ዓመት ሞልቶት ነበር። የክብር ዘበኛ ካምፑ የተቀበለው ከብት በማገድ፣ በእርሻና በእግር ጉዞ የጠነከረ ጎልማሳ በመሆኑ፣ አሠልጣኙ የተዘጋጀውን አካል ከመሞረድ በስተቀር ከልጅነት ጀምሮ የማነጽ ሸክም አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ የአሸናፊዎቹ ዕድሜ እየቀነሰ መሄዱ የሥራው መልክ መለወጡን ያሳያል። በአርሲ የበቆጂ ተወላጅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች፤ የዚያው አካባቢ ልጅ ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ በ2003 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና የ5,000 ሜትር አሸናፊ ስትሆን ገና 17 ዓመቷ ነበር። የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ከ20 ዓመት በታች ላሉ አትሌቶች እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም ሻምፒዮና ማዘጋጀት መጀመሩም አገሮች ዓይናቸውን ወደ ታዳጊዎች እንዲያዞሩ አድርጓል። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ብሔራዊ ቡድኑን በአዲስ አበባ ሲመሩ፣ ከታች የሚመጡትን ልጆች ያዘጋጁት እንደ በቆጂው ስንታየሁ እሸቱ ያሉ የስፖርት መምህራን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የወንዶችና የሴቶች የ5,000 እና የ10,000 ሜትር አራቱንም ወርቅ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሲወስዱ፣ ሁለቱም መነሻቸው ይህችው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ነበረች።

የመምህሩ መሣሪያ ሜዳ፣ ዳገትና የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። ልጆቹ ከሩጫ በፊት በረድፍ ቆመው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፤ ጉልበት እያነሱ፣ እየዘለሉና እጅና እግር እያቀናጁ የሚሠሩት ይህ ጅምናስቲክ ብረት ማንሳት ሳያስፈልግ ጡንቻንና ሚዛንን የሚያጠነክር ነው። ቀጥሎም ወደ ጫካው ገብተው አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ መሪው ወደ ታጠፈበት እየታጠፉ በዛፎቹ መካከል ይሮጣሉ። ሯጮች ኮንዲሽን የሚሉት፣ ማለትም በረጅም ጊዜ የሚገነባና በእረፍት እጦት ወይም በችኮላ የሚወርድ የብቃት ደረጃ፣ በዚህ ዓይነት ድግግሞሽ የሚገኝ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ክለቦችም ሳምንቱን ለስላሳ አፈር ባለበት ጫካ፣ ኮረኮንች በሚባለው ጠጠር መንገድና በአስፋልት መካከል የሚከፋፍሉት፣ እንዲሁም ከቀዝቃዛው እንጦጦ ወደ ሞቃታማው አቃቂ የሚወርዱት፣ እግር ሳይጎዳ አካል የተለያየ ጫና እንዲለምድ ነው። ብቻን መሮጥ ለጤና ያህል እንጂ ለለውጥ አይበቃም የሚለው በሯጮች ዘንድ የተለመደ አስተሳሰብም ዲሲፕሊን በቡድን የሚጠበቅ መሆኑን ያመለክታል፤ ማልዶ መነሳት፣ ከልምምድ በኋላ መተኛትና የአካባቢውን የገብስና የጥራጥሬ ምግብ በወቅቱ መመገብ ከሩጫው የማይነጠሉ ግዴታዎች ናቸው።

በአሰላ የጥሩነሽ ዲባባ አትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልና በአዲስ አበባ የስፖርት አካዳሚ መከፈታቸው በመምህራን ትጋት ብቻ ይካሄድ ለነበረው ሥራ ማደሪያና ባለሙያ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ በውጭ አገር የጎዳና ላይ ሩጫ የሚከፈለው ሽልማት ወጣቱን ሳይበስል ወደ ረጅም ርቀት ይስበዋል፤ በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን 20 ዓመት ያልሞላው አትሌት እንዳይሰለፍ የተደነገገውም አጥንትና ጅማት ከልብና ከሳንባ ዘግይተው የሚጠነክሩ መሆናቸውን ስለሚያስታውስ ተገቢ ነው። የካምፑ አሠልጣኝ ሥራ የሚለካው ሠልጣኙ በተወዳደረበት ቀን ሲሆን፣ የታዳጊዎች አሠልጣኝ ግን ፍሬውን የሚያየው ልጁ በሌላ አሠልጣኝ እጅ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ሙያ ልጁን ሳይጎዳ ለሚቀጥለው ማስረከብ ነው።