የተጎዳ እባብ እንክብካቤ

የተጎዳ እባብ እንክብካቤ በሰው፣ በተሽከርካሪ፣ በእሳት ወይም በሌላ እንስሳ ጉዳት የደረሰበትን እባብ ከማንሳት ጀምሮ ቁስሉ እስኪድን ድረስ የሚደረግለት ሕክምናና አያያዝ ነው። እባብን እንደ ቤት እንስሳ ማኖር በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደ ሲሆን በኢትዮጵያ እምብዛም አይታይም። በአገሪቱ ተጎድቶ የሚገኝ እባብ አብዛኛውን ጊዜ የዱር ነው፤ ጉዳቱም የዱላ፣ የድንጋይ ወይም የገጀራ ነው።

በወላይታ ዞን

እባብ በወላይትኛ ሾሻ ይባላል። የዞኑ መሬት ከዳሞታ ተራራ ደጋ ተነሥቶ በአንድ ወገን ወደ አባያ ሐይቅና ወደ ብላቴ ወንዝ፣ በሌላው ወደ ኦሞ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል። ውሃ ያለበት ቆላ ለዘንዶ የሚስማማ ነው። ዘንዶ ከአፍሪካ እባቦች ሁሉ ረጅሙ ሲሆን ከ5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። መርዝ የለውም፤ ሽኮኮን፣ ሚዳቋንና አይጥን ጠምጥሞ ይገድላል። አልፎ አልፎ ፍየል ስለሚወስድ በአርብቶ አደሩና በገበሬው ዘንድ ጠላት ነው። ሴቷ እንቁላሎቿን ተጠምጥማ ትጠብቃለች፤ በዚህ ጊዜ ቶሎ ስለማትሸሽ ለገጀራ ትጋለጣለች።

ማንነቱን መለየት

ከሁሉ የሚቀድመው መርዘኛ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው። እፉኝት አጭር፣ ወፍራምና ሰፊ ራስ ያለው ነው። ሰው ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ስለሚቆይ ቆስሎ ሲተኛ የሞተ ይመስላል። የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ሊነድፍ ይችላል። ዓይነቱን በእርግጠኝነት ያልለየ ሰው ሊነካው አይገባም፤ ሰዎችንና ውሾችን አርቆ ባለሙያ መጥራት ይበቃል። የተነደፈ ሰው ቦታው ሳይበጣ፣ ሳይመጠጥና በገመድ ሳይታሰር፣ እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል።

የመጀመሪያ እርዳታ

መርዝ እንደሌለው የተረጋገጠ እባብ ሲነሣ ጎድኑ ወይም አከርካሪው ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል መላ ሰውነቱ መደገፍ አለበት። ትልቅ ዘንዶን አንድ ሰው ብቻውን ማንሳት የለበትም። መያዣው አየር የሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ይሁንና ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ፌስታል ያፍነዋል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም፤ ሲበርደው የበሽታ መከላከል አቅሙ ይደክማል፣ መድኃኒትም በሚገባ አይሠራለትም። ለዘንዶ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተስማሚ ሲሆን የሶዶ ሌሊት ከዚህ እጅግ ይቀዘቅዛል። ሙቅ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥኑ አንድ ጎን ብቻ ይደረጋል፤ እባቡ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ያስፈልገዋል። እባብ የሚያቃጥል ነገር ላይ ተኝቶ ሳይነሣ ሊቆይና ሊቃጠል ስለሚችል በቤት የሚያዙ እባቦችን የሚጎዳቸው አንዱ ነገር ይኸው ሙቀት ነው።

ቁስሉ 9 ግራም ጨው በተጨመረበት 1 ሊትር ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይታጠባል። ፖቪዶን አዮዲን የሚቀባ ከሆነ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ድረስ በውሃ መቅጠን አለበት። አልኮል፣ ነጭ ጋዝ፣ አመድና የቡና ዱቄት ሥጋውን ያቃጥላሉ ወይም ያቆሽሻሉ። ከሥሩ አፈር ወይም ሰጋቱራ ሳይሆን በየቀኑ የሚቀየር ጋዜጣ ይነጠፍለታል፤ ዝንብ እንቁላል እንዳይጥልበትም ሣጥኑ በወንፊት ጨርቅ ይሸፈናል።

ሕክምናና ምግብ

በጀርባው ሲገለበጥ መመለስ ያልቻለ፣ ወይም ከቁስሉ በታች ያለው አካሉ ሲነካ የማይንቀሳቀስ እባብ አከርካሪው ተጎድቶ ይሆናል፤ የመዳን ዕድሉም ጠባብ ነው። እንዲህ ያለውን ከስቃይ መገላገል የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ራሱን መቁረጥ ፈጣን ሞት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የእባብ አንጎል ደም ከተቋረጠበት በኋላም ለተወሰነ ጊዜ በሕይወት ይቆያል።

መርፌ የሚወጋው በሰውነቱ የፊተኛው ክፍል ነው፤ ከኋላው የሚመለሰው ደም በኩላሊት በኩል ስለሚያልፍ መድኃኒቱ ሳይሠራ ሊወገድ ወይም ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ልኩ በክብደቱ ይወሰናል። እንደ ሴፍታዚዲም ያለው ጸረ ባክቴሪያ ለእባብ በየ72 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ለከብት የሚሆነውን ልክ ቀንሶ በግምት መስጠት አደገኛ ነው።

ምግብ አያስቸኩልም። ጤነኛ ዘንዶ ለወራት ሳይበላ ይቆያል። በብርድ ላይ ያለ እባብ የዋጠው ምግብ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ የሞተ አይጥ ይቀርብለታል። ሕያው አይጥ የደከመን እባብ ራሱ ነክሶ ያቆስላል። ቁስሉ የሚጠግገው በዝግታ ሲሆን ቅርፊቱ የሚስተካከለው ቆዳውን ደጋግሞ ከገፈፈ በኋላ ነው። እባብ ሳልሞኔላ ሊያስተላልፍ ስለሚችል እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሕፃናትንም ማራቅ ግድ ነው።

ሕግና ተቋማት

የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የተቀላቀለችው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነትም ዘንዶን በሁለተኛ ዝርዝሩ ይዟል። በመሆኑም ያዳነው ሰው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለበት። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ሆለታ አቅራቢያ ያለው የቦርን ፍሪ ማዕከል፣ እንሰሳኮቴ፣ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ የዱር እንስሳትን ይቀበላል፤ በስፋት የሚታወቀው ግን በአንበሳና በአቦሸማኔ ነው።

የዳነ እባብ የሚለቀቀው ከተገኘበት ብዙ ሳይርቅ፣ ከመንገድና ከመኖሪያ ቤት ፈቀቅ ብሎ፣ ፀሐይ በሞቀች ሰዓት ነው። ወደማያውቀው ሩቅ ቦታ የተወሰደ እባብ መደበቂያና አደን ፍለጋ ሲንከራተት ብዙ ጊዜ ይሞታል።