ከትራፊክ መብራት ጋር የሚነጋገሩ መኪኖች፦ አሠራራቸውና የአሽከርካሪው ድርሻ

የትራፊክ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ለአሽከርካሪ የሚነግረው የአሁኑን ብቻ ነው፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ምን እንደሚሆን አይናገርም። በመስቀለኛ መንገድ ለሚፈጸሙ ብዙ ስሕተቶች አንዱ መነሻም ይኸው ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቢጫው ለ3 ሰከንድ ከበራ፣ መኪናው በዚያ ጊዜ ወደ 42 ሜትር ይጓዛል። በዚህ ርቀት አካባቢ የደረሰ አሽከርካሪ “ልቁም ወይስ ልለፍ?” ሲል ያመነታል። ፊተኛው ፍሬን ሲይዝ ኋለኛው ለማለፍ ከፈጠነ ግጭት ይከተላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት መብራቱ የሚቀየርበትን ጊዜ አስቀድሞ ለመኪናው የሚያሳውቅ ቴክኖሎጂ ተሠርቷል። የጀርመኑ መኪና አምራች ኦዲ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ በ2016 መገባደጃ በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ ከተማ ጀመረ። እ.ኤ.አ በ2019 ደግሞ በጀርመን ኢንጎልሽታት ከተማ ሥራ ላይ አዋለው።

ግንኙነቱ በሁለት መንገድ ይከናወናል። ኦዲ በተጠቀመበት የመጀመሪያው መንገድ፣ የመብራቶቹ መረጃ ከከተማው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይነሣል፤ ቀጣዩ ለውጥ በኮምፒውተር ይተነበያል፤ ውጤቱም በሞባይል ኔትወርክ ወደ መኪናው ይደርሳል። በሁለተኛው መንገድ፣ በመስቀለኛው መንገድ ላይ የተተከለ የሬዲዮ ማሠራጫ የመብራቱን ሁኔታና የመንገዱን ካርታ በአቅራቢያው ላሉ መኪኖች በቀጥታ ይልካል።

በቀይ መብራት የቆመ አሽከርካሪ አረንጓዴው እስኪበራ የቀረውን ጊዜ በሰከንድ ቆጠራ ያያል። ወደ መብራቱ በመቅረብ ላይ ያለው ደግሞ፣ ከተፈቀደው የፍጥነት ወሰን ሳያልፍ በአረንጓዴ ለመድረስ በምን ያህል ፍጥነት ቢጓዝ እንደሚሻል ምክር ያገኛል። በዚህም ከንቱ መፍጠንና ድንገተኛ ፍሬን ይቀንሳሉ፤ ቆሞ መነሣት ሲቀንስም ነዳጅ ይቆጠባል።

ነገር ግን መረጃ ብቻውን ጠባይን አያርምም። ቆጠራው እስከ ዜሮ ቢታይ፣ አሽከርካሪው ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ ቁጥሩ ላይ ይተክላል፤ ቁጥሩ እንዳለቀም ግራና ቀኝ ሳያይ ሊነሣ ይችላል። የኦዲ ቆጠራ አረንጓዴው ከመብራቱ ጥቂት ሰከንዶች ቀደም ብሎ ከፊቱ እንዲጠፋ የተደረገውም፣ አሽከርካሪው ቀና ብሎ መንገዱን እንዲመለከት ነው።

ቴክኖሎጂው ሌላም ገደብ አለው። እንደ ተሽከርካሪው ብዛት ጊዜያቸውን የሚለዋውጡ መብራቶች አሉ፤ እግረኛ የማቋረጫ ቁልፍ ሲጫን ወይም አምቡላንስ ቅድሚያ ሲያገኝ የተተነበየው ጊዜ ሊዛባ ይችላል። ከዚህም በላይ መልእክቱ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን እንጂ መንገዱ ባዶ መሆኑን አያረጋግጥም።

ይህ ለእኛም ከተሞች የሚሠራ ቁም ነገር ነው። በገበያ ቀን በግ የሚነዳ ገበሬ፣ ጋሪ፣ ባጃጅና እግረኛ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ይገናኛሉ። ቢጫ ሲበራ፣ በደኅና መቆም የሚቻል ከሆነ መቆም ይገባል፤ አረንጓዴ ሲበራም ከመነሣት በፊት ማቋረጥ የጀመረውን ማሳለፍ የአሽከርካሪው ግዴታ ነው። ይህን ለመፈጸም መኪናው ከመብራቱ ጋር እስኪነጋገር መጠበቅ አያስፈልግም።