የጌሞች የዕድሜ ምልክት ምን ይነግረናል?

ልጆቻችን በስልክ፣ በኮምፒውተርና በፕሌይስቴሽን የሚጫወቷቸው አብዛኞቹ ጌሞች ከስንት ዓመት በላይ ላለ ልጅ እንደሚሆኑ የሚያሳይ ምልክት አላቸው። ብዙ ወላጆች ግን ምልክቱን ልብ አንለውም፤ ወይም ቁጥሩን ብቻ አይተን እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ ምልክቶቹ የሚነግሩንንና የማይነግሩንን እንመለከታለን።

ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች

በስፋት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመው ኢኤስአርቢ ነው። የሚጠቀመው በእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፦ «ኢ» ለሁሉም፣ «ኢ 10+» ከ10 ዓመት ጀምሮ፣ «ቲ» ከ13፣ «ኤም» ከ17፣ «ኤኦ» ከ18 ዓመት ጀምሮ ለአዋቂዎች ብቻ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ የተጀመረው ፔጊ ነው። ቁጥሮቹ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ናቸው። 3 እና 7 በአረንጓዴ፣ 12 እና 16 በብርቱካናማ፣ 18 በቀይ መደብ ላይ ይጻፋሉ። ሳዑዲ ዐረቢያም ከ3 እስከ 18 የሚደርስ የራሷ ምልክት አላት፤ ዘመድ ከዚያ ባመጣው ዲስክ ላይ ልናየው እንችላለን። በጎግል ፕሌይ የምናየው ቁጥር ደግሞ የጌሙ አዘጋጅ በሚሞላው መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ነው።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ይዘቱ እንጂ ስለ ጌሙ ክብደት አይደለም። «3» የተጻፈበት የእግር ኳስ ጌም የ3 ዓመት ልጅ ይችለዋል ማለት አይደለም፤ የሚያስፈራና የሚጎዳ ትዕይንት የለውም ማለት ነው። ማይንክራፍት በፔጊ 7 ተሰጥቶታል። ጂቲኤ 5 ግን በፔጊ 18፣ በኢኤስአርቢ «ኤም» ነው። የ10 ዓመት ልጃችን «ጓደኞቼ ሁሉ ይጫወቱታል» ቢለንም ጌሙ ለእሱ አልተሠራም።

ከቁጥሩ አጠገብ ያለው

ፔጊም ሆነ ኢኤስአርቢ ምክንያቱን ጭምር ይገልጻሉ፦ ጠብና ግድያ፣ ጸያፍ ንግግር፣ ወሲብ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ቁማር፣ በጌሙ ውስጥ የሚደረግ ግዢ። ለእኛ ይህ ከቁጥሩ ይበልጣል። ለምሳሌ ፊፋ 23 በፔጊ 3 ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚገዛ የተጫዋቾች ካርድ ነበረበት። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ዓይነቱን ሽያጭ ከቁማር ቆጥሮታል። ቁማር ሐራም መሆኑን ለሚያስተምር ቤት ቁጥሩ 3 መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም።

ምልክቱ የማይነግረን

በኢንተርኔት ከማያውቀው ሰው ጋር ልጁ የሚያወራውን ምልክቱ አይመዝንም። ጌሙ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ሶላትና ጥናት እንደሚያስረሳም አይናገርም። መመዘኛው በሸሪዓ ሚዛን የወጣ ስላልሆነ፣ አለባበሱን ወይም ጥንቆላውን እኛ የማንወደው ጌም አነስተኛ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ተቀድቶ በሚሸጥ ወይም በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት በሚከፈት ጌም ላይ ደግሞ ምልክቱን የያዘው ካርቶን ላይኖር ይችላል።

ምን እናድርግ?

1. የጌሙን ስም ጠይቀን በፔጊ ወይም በኢኤስአርቢ ድረ ገጽ እንፈልግ።
2. ከቁጥሩ ጋር ምክንያቱንም እናንብብ።
3. በስልኩና በፕሌይስቴሽኑ የወላጅ መቆጣጠሪያ ላይ የዕድሜ ገደብና የምስጢር ቁጥር እናስገባ፤ ግዢንም እንዝጋ።
4. አዲስ ጌም ሲመጣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከልጁ ጋር ተቀምጠን እንየው።
5. ስንከለክል ምክንያቱን እንንገረው። ያልገባው ልጅ ጎረቤት ሄዶ ይጫወተዋል።

ልጆቻችን አማና ናቸው። ምልክቱ ያግዘናል፤ ውሳኔው ግን የእኛ የወላጆች ነው።